«ሆድ ይፍጀው» ሲባል ጉበት ምን ይላል? ጭንቀትና የሴቶች ጤና በቻይና ባህላዊ ሕክምና

የዛሬ 800 ዓመት ገደማ ነው። ሰሜን ቻይና ውስጥ የአንድ ሀብታም ሚስት እንቅልፍ እምቢ አላት። አንድ ሁለት ሌሊት አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በላይ። ሐሳብ አብዝታ ነው ይላል መዝገቡ። የሞከረችው መድኃኒት ሁሉ ጠብ አላለላትም። በመጨረሻ ባሏ ዣንግ ጾንግዠንግ የተባለውን ሐኪም ለመነ።

ሐኪሙ የሁለት እጆቿን የደም ሥር ምት ዳበሰ። ምቱ ዝግ ያለ ነው። «ይሄ የጣፊያ ነገር ነው» አለ። ከዚያ ከባልየው ጋር ተመካከሩና ተንኮል ጎነጎኑ። ዣንግ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ተቀበለ። ለቀናት መጠጡን ሲጠጣ ከረመ። አንድም መድኃኒት ሳያዝ ውልቅ ብሎ ሄደ። ሴትዮዋ በንዴት ጨሰች፤ ላብ በላብ ሆነች። የዚያኑ ሌሊት እንቅልፍ ጣላት። ስምንት ዘጠኝ ቀን እንዲሁ ተኛች። ከዚያ ወዲያ መብላት ጀመረች፣ የደም ሥሯም ምት ወደ ልኩ ተመለሰ።

ታሪኩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ሐኪም ያዳነውን እንጂ ያላዳነውን ብዙ አይጽፍም። ዣንግ ግን እየቀለደ አልነበረም። ከተንኮሉ ጀርባ አንድ ሙሉ የሕክምና ሥርዓት አለ። በዚያ ሥርዓት ንዴት፣ ሐሳብ፣ ሐዘንና ፍርሃት ሰውነት ውስጥ ቦታና አቅጣጫ አላቸው። በተለይ የሴት ሰውነት ውስጥ። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው «ቺ» ከምትባል አጭር ቃል ነው። ቺ እስትንፋስ ናት፤ እንፋሎትም ናት፤ አየርም ናት። በሕክምናው ቋንቋ ደግሞ ሰውነትን የምታንቀሳቅስ፣ የምታሞቅ፣ ደምን የምትገፋ ነገር ናት። በማይክሮስኮፕ አትታይም። ለእኛ ለመረዳት ብዙ አይከብድም። «መንፈስ» እና «ነፋስ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት አይደሉ? እንደዚያ ናት። ዛሬም አንድ ቻይናዊ «ተናደድኩ» ሲል የሚጠቀመው ቃል ፊደል በፊደል «ቺ ወለድኩ» እንደማለት ነው።

ከ2,000 ዓመት በፊት ገደማ የተጠናቀረ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ አለ። የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ መጽሐፍ ይባላል። የቻይና ሕክምና ሁሉ ወደ እሱ ይመለሳል። እዚያ ውስጥ ስሜት ቺን ምን እንደሚያደርጋት ተዘርዝሯል። ንዴት ወደ ላይ ይሰዳታል። ደስታ ያላላታል። ሐዘን ያመነምናታል። ፍርሃት ወደ ታች ይጥላታል። ድንጋጤ ያተራምሳታል። ሐሳብ ይቋጥራታል።

እስቲ በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ስትናደዱ ፊታችሁ ይግላል፣ ራሳችሁ ይወጋችኋል። ወደ ላይ ነው። በጣም የፈራ ልጅ ሽንቱ ያመልጠዋል። ወደ ታች ነው። ያዘነ ሰው ትከሻው ይወድቃል፣ ድምፁ ይሰልላል። አንድ ሐሳብ ሲመላለስበት የሚያድር ሰው ደግሞ ምግብ አይወርድለትም። ሆዱ ተቋጥሯል። የጥንቶቹ ሰዎች ላቦራቶሪ አልነበራቸውም። ዓይን ግን ነበራቸው።

በ1174 ቸን ያን የሚባል ሐኪም እነዚህን ስሜቶች ሰባት አድርጎ የበሽታ መንስኤዎች መዝገብ ውስጥ አስገባቸው። ብርድና ሙቀት ከውጭ ይመታሉ፤ ሰባቱ ስሜቶች ከውስጥ። ስሜቱ በራሱ በሽታ አይደለም። ሲበዛ ወይም ሲሰነብት ነው ችግሩ። እያንዳንዱ ስሜት የሚያርፍበት ብልትም አለው። ንዴት ጉበት፣ ደስታ ልብ፣ ሐሳብ ጣፊያ፣ ሐዘን ሳንባ፣ ፍርሃት ኩላሊት።

አሁን የዣንግ ተንኮል ይገባል። ሴትዮዋን ሐሳብ ቋጥሯታል። የሐሳብ ቤት ጣፊያ ነው። ንዴት ደግሞ ወደ ላይ የሚገፋ ጉልበት ነው፤ በቻይናዎቹ ሥርዓት ሐሳብን ያሸንፋል። ስለዚህ አናደዳት። ቋጠሮው ተፈታ። ዛሬ አንድ ሐኪም እንዲህ ቢያደርግ ፈቃዱን የሚነጠቅ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተያዘ የቀረው ሁሉ ይምታታል። የቻይና ሐኪም «ጉበት» ሲል፣ በአልትራሳውንድ የምናየውን ጉበት ብቻ ማለቱ አይደለም። የሥራ ክፍል ማለቱ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ክፍል በሉት፤ ሕንፃው ሳይሆን ሥራው። ስለዚህ አንዲት ሴት «የጉበትሽ ቺ ታግዷል» ብትባል፣ ለሄፓታይተስ ምርመራ መሮጥ የለባትም። የጉበት ምርመራዋ ንጹሕ ቢሆንም ቻይናዊው ሐኪም አይደነግጥም። ሁለቱ ስለተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። አንዱ ስለ ሥጋው፣ ሌላው ስለ አኳኋኑ።

እኛስ? አማርኛ ራሱ ግማሽ ቻይናዊ ሐኪም ነው። አንጀቴ አረረ እንላለን። ሆዴ ባባ። ጨጓራዬን ላጠው። ሲቃ ያዘኝ። ንዴት የሚለው ቃል የመጣው ከመንደድ ነው፤ እነሱም የተቆጣን ሰው «እሳት አወጣ» ይሉታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሐሞት ነው። ቻይንኛ ፈሪውን «ሐሞቱ ትንሽ»፣ ደፋሩን «ሐሞቱ ትልቅ» ይለዋል። እኛ ደግሞ ሐሞተ ቢስ፣ ሐሞተ ኮስታራ። ማን ከማን ተማረ? ማንም ከማንም። ሁለቱም ሕዝብ ሰውነቱን አዳመጠ።

ወደ ሴቶቹ እንምጣ።

በ1237 ቸን ዚሚንግ የሚባል ሐኪም ስለ ሴቶች ሕክምና ትልቅ መጽሐፍ አዘጋጀ። ከእሱ የሚጠቀስ አንድ ሐሳብ አለ፤ ለሴት ዋናዋ ደም ናት። የወር አበባ ደም ነው። ፅንስ በደም ያድጋል። ወተትም ከደም ይሠራል ብለው ያምኑ ነበር። ጥንታዊው መጽሐፍ ደግሞ የሴትን ዕድሜ በሰባት በሰባት ይቆርጠዋል። በ7 ዓመቷ ጥርሷ ይለወጣል። በ14 የወር አበባዋ ይመጣል። በ28 ሰውነቷ ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል። በ35 ፊቷ መጠውለግ ይጀምራል። በ49 የወር አበባዋ ይቆማል። (የወንዱ በስምንት በስምንት ነው የሚሄደው። የ35ቷን ነገር ግን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።) 14 እና 49 የሚሉት ቁጥሮች ዛሬም ከእውነቱ ብዙ አይርቁም።

ታዲያ ይህን ደም የሚያስቀምጠውና በሰዓቱ የሚለቀው ማነው? ጉበት። ያው ጥንታዊ መጽሐፍ ብልቶችን በቤተ መንግሥት ሹማምንት ሲመስላቸው ልብን ንጉሥ፣ ጉበትን የጦር አዛዥ ያደርጋቸዋል። ዕቅድ የሚወጣው ከእሱ ነው። ሥራው ሁሉም ነገር ያለ ችግር እንዲፈስ ማድረግ ነው፤ ቺው፣ ደሙ፣ የምግብ መፈጨቱ፣ ስሜቱም ጭምር። ጉበት መጨቆን አይወድም። ንዴት ደግሞ ቤቱ ጉበት ነው። እንግዲህ ተመልከቱ። የሴት ደም በጉበት እጅ ነው። ንዴቷም እዚያው ነው። አንዱ ሲታመም ሌላው አይቀርለትም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዬ ቲየንሺ የተባለው ስመ ጥር ሐኪም ስም የሚጠራ አንድ አባባል ይህን ወደ አንድ መስመር ያሳጥረዋል፦ የሴት መሠረቷ ጉበት ነው።

አንዲት ሴት እናስብ። ቢሮ አለቃዋ ያመናጭቃታል። ቤት ስትገባ የባሏ ዘመዶች አሉ። መመለስ ትፈልጋለች፤ አትመልስም። «ሆድ ይፍጀው» ትላለች። እኛ አገር ይህቺ ሴት ትመሰገናለች፤ «ቻይ ናት» ይባላል። ቻይናዎችም መቻልን «መራራ መብላት» ይሉታል፤ እሱም ምስጋና ነው። የቻይናው ሐኪም ግን እዚህ ላይ አያመሰግንም። ይጠይቃል። የተበላው መራራ የት ሄደ?

መልሱ እንዲህ ነው። ንዴቱ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት፤ ታፈነ። ቺ ታገደች። መጀመሪያ የሚመጣው ምልክት ትንሽ ነው። በየደቂቃው «ኡፍፍ» ብሎ በረጅሙ መተንፈስ። ከጎድን አጥንት ሥር መወጠር። ከወር አበባ በፊት ጡት ማበጥና መጠዝጠዝ፣ በትንሽ ትልቁ መቆጣት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ። ፔሬዱ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። ሲመጣም ቁርጠት አለው። «የሚፈስ አያምም፣ የሚያምም አይፈስም» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። የደም ሥሯን ሲዳብሱት እንደ ተወጠረ የሙዚቃ መሣሪያ ክር ሆኖ ያገኙታል፤ ክራር የሚያውቅ ሰው ይገባዋል።

ነገሩ እዚያ ካልቆመ ይቀጥላል። ጉበት ጣፊያን ይጫናል፤ ሆድ ይነፋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ተቅማጥና ድርቀት ይፈራረቃሉ። የታገደ ነገር ይግላል፤ አፍ ይመራል፣ ራስ ይፈልጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ግለቱ ደሙን ይበላል፤ የወር አበባ ያንሳል፣ ከናካቴው ይቀራል። ወይም ደሙ ይረጋል፤ ቁርጠቱ ስለት ይሆናል፣ ደሙ ይቋጠራል። ቻይናዊው ሐኪም ከአንዲት ሴት ጋር ሲቀመጥ እያደረገ ያለው ይህንን መንገድ መከታተል ነው። የት ደርሳለች? ቺዋ ታግዳ ብቻ ነው ወይስ ግላለች? ሁለት ሴቶች «ፔሬዴ ተዛባ» ብለው ቢመጡ ሁለት የተለያየ መድኃኒት ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ።

ከሁሉም የምወደው ምልክት የጉሮሮው ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኖረ ሌላ ዣንግ አለ፤ ዣንግ ዦንግጂንግ። የቻይና ሐኪሞች እንደ አባት ያዩታል። እሱ ስለ ሴቶች ሲጽፍ፣ ጉሮሮ ውስጥ የተጠበሰ ሥጋ ቁራጭ እንደቆመ የሚሰማበትን ሕመም ያነሳል። ኋላ የመጡት «የፕለም ፍሬ ቺ» አሉት። አይዋጥም፣ አይተፋም። ጉሮሮው ሲታይ ምንም የለም። የዛሬው የአንገትና የጉሮሮ ሐኪምም ይህን ስሜት በደንብ ያውቀዋል፤ ጭንቀት እንደሚያባብሰውም ያውቃል። መናገር የፈለገችውን ያልተናገረች ሴት ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ቆሞ ይሰማታል። ይህን ለማመን የቻይና ፍልስፍና አያስፈልግም። ሲቃ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ያው ሐኪም ስለ ሌላ ዓይነት ሴትም ጽፏል። ታዝናለች፣ ልታለቅስ ትፈልጋለች፣ መንፈስ የያዛት ትመስላለች፣ ደጋግማ ታዛጋለች፣ ትንጠራራለች። ልብ በሉ፤ «መንፈስ የያዛት ትመስላለች» አለ እንጂ «ይዟታል» አላለም። ወደ ጠንቋይ አልሰደዳትም። ያዘዘላት ሦስት ነገር ነው። ስንዴ፣ ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር፣ እና የእኛ የቁርቁራ ዘመድ የሆነው የቻይናው ቀይ ፍሬ። ቀቅላ ትጠጣዋለች። ከመድኃኒት ይልቅ የአጥሚት ዘመድ ነው። ከ1,800 ዓመት በኋላም ይታዘዛል።

ለታገደው ጉበት ደግሞ ስመ ጥሩው ቅመም በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የመንግሥት መድኃኒት ቤት መጽሐፍ ውስጥ የገባው ሺያውያው ሳን ነው። ስያሜው ያለ ሐሳብ መንሸራሸር እንደማለት ነው፤ የፈላስፋው የዥዋንግዚ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍም ይህንኑ ቃል ይዟል። ውስጡ ቺን ይፈታል የሚባል ሥር አለ፣ ደም ያጠነክራሉ የሚባሉ ሁለት ሥሮች፣ ዳንግጉዊና ነጭ ፒዮኒ፣ አሉ፣ ጣፊያን የሚደግፉ አሉ፣ ዝንጅብልና ናናም ይገባበታል። አሠራሩን ስታዩት ብልህ ነው። የታገደውን ይከፍታል፤ በመከፈቱ የሚጎዳውን ደግሞ ይጠግናል። ለተጨነቀች ሴት «መንሸራሸር» የሚል መድኃኒት ማዘዝ ግን ትንሽ ፌዝ ያለበት ይመስለኛል። መንሸራሸር ብትችል መቼ ታማ ነበር?

አሁን ደስ የማይለው ክፍል።

በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሱን ሲምያው በጣም የተከበረ ሐኪም ነው። በ652 ገደማ በጨረሰው ግዙፍ መጽሐፉ የሴቶችን ሕክምና ከሁሉ አስቀድሞታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚያው ላይ ግን የሴት በሽታ ከወንድ አሥር እጥፍ ለማከም ይከብዳል ይላል። አንዱ ምክንያቱ እርግዝናና ወሊድ ነው፤ ይሁን። ሌላው ምክንያቱ ሴቶች ፍላጎታቸው ከወንድ ይበልጣል፣ ፍቅራቸው፣ ጥላቻቸውና ቅናታቸው ሥር ይሰዳል፣ ራሳቸውን መግዛት አይችሉም የሚል ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ የሐኪሞች ተረትም አለ፦ አንዲት ሴት ከማከም አሥር ወንድ ማከም።

ገባችሁ? ሴትዮዋ ቀን ሙሉ ትችላለች፣ ትውጣለች፣ ዝም ትላለች። ስትታመም ደግሞ «ራሷን መግዛት ስለማትችል ነው» ትባላለች። የታፈነው ንዴት በሽታ ሆኖ ተመዘገበ። ያሳፈናት ሰው ግን መዝገቡ ላይ የለም። መድኃኒቱ ለእሷ ታዘዘ፤ ለአማቷ ወይም ለባሏ የታዘዘ ቅጠል እስካሁን አላየሁም።

ይህን ክፍተት በትንሹም ቢሆን የሞላች አንዲት ሴት አለች። ታን ዩንሺየን ትባላለች። በ1461 የተወለደች የዉሺ ከተማ ሴት ናት። ሕክምናን ያስተማረቻት አያቷ ናት። በ1511፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላት፣ ያከመቻቸውን 31 ሰዎች ታሪክ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመች። ሁሉም ሴቶች ናቸው። በዚያ ዘመን ጨዋ የምትባል ሴት ለወንድ ሐኪም ሁሉን አትነግረውም። ለታን ግን ነገሯት። ስለዚህ በመጽሐፏ ውስጥ ሕመም ከኑሮ ጋር ነው የሚመጣው። ጡብ በሚሠራ ቤተሰብ ውስጥ እስከ ሌሊት ስትለፋ የወር አበባዋ አልቆም ያላት ሴት አለች። ንዴት የበላት አለች፣ ሐዘን የጎዳት አለች። ታን «የሴት ተፈጥሮ ነው» ብላ አላለፈችም። ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠየቀች። እኔ የዚህን ሕክምና ምርጥ ገጽ ማሳየት ካለብኝ የማሳየው ይህን ነው።

ዛሬ «የቻይና ባህላዊ ሕክምና» የሚባለው ነገር ግን በቀጥታ ከታን ቤት የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ1929 የቻይና መንግሥት ውስጥ ይህን ሕክምና ጨርሶ ለማስቀረት ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ከ1949ኙ የኮሚኒስቶች አብዮት በኋላ ደግሞ ተገላበጠ። በ1956 በቤጂንግ፣ በሻንጋይ፣ በጓንግዡና በቼንግዱ ኮሌጆች ተከፈቱለት። መማሪያ መጽሐፍ ተጻፈ። እርስ በርሱ ሲጣላ የኖረው የሐኪሞች ሐሳብ በአንድ መልክ ተስተካከለ። በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች ያጸደቁት የበሽታዎች መዝገብም ለባህላዊ ሕክምና አንድ ምዕራፍ ሰጥቷል። የጉበት ቺ መታገድ እዚያ ውስጥ ኮድ አለው። ኮድ አለው ማለት ግን ተረጋግጧል ማለት አይደለም፤ ለመቁጠር እንዲመች ነው።

በ1980 የሆነ አንድ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። አሜሪካዊው ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክላይንማን በቻይና ሁናን ግዛት 100 ሕመምተኞችን አነጋገረ። ሁሉም «የነርቭ መድከም» አለባችሁ የተባሉ ናቸው። ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። ክላይንማን በራሱ መለኪያ ሲያያቸው 87ቱ ከባድ ድብርት ነበረባቸው። የባህል አብዮቱ፣ ያ የማኦ ዘመን የማሳደድ ዘመቻ፣ ገና ማለፉ ነው። «አዝኛለሁ» ማለት አስፈሪ ነበር፤ «ራሴን ያመኛል» ማለት ግን ይቻላል። የድብርት መድኃኒት ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ተሻላቸው። ግን የሥራና የቤተሰብ ችግራቸው እስካልተፈታ ድረስ ሙሉ በሙሉ ደህና አልሆኑም።

ዘመናዊው ሕክምና ስለ ጉበት ቺ የሚለው ነገር የለውም። ስለ ጭንቀትና ስለ ወር አበባ ግን አለው። የወር አበባ ትእዛዝ የሚጀምረው አንጎል ውስጥ ነው። ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል በየሰዓት ወይም ሰዓት ተኩል ገደማ መልእክት ትልካለች። መልእክቱ ወደ እንቁላል ማምረቻ የሚሄደውን ሰንሰለት ያንቀሳቅሳል። ጭንቀት ሲበዛ የጭንቀት ሆርሞኖች ይህን ምት ያዘገዩታል። ምግብ ካነሰና ሥራ ከበዛ ደግሞ ይብሳል። ምቱ ሲዘገይ እንቁላል አይወጣም፤ ፔሬድ ይዘገያል ወይም ይቀራል። አገር ለቃ፣ ሰው ቤት እየሠራች፣ እንቅልፏም ምግቧም የተዛባ ሴት የወር አበባዋ ቢቆም ከዚህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ንዴትና ሐሳብ ደሙን ያግደዋል» ያሉት ሰዎች ስለ ውጤቱ አልተሳሳቱም። መንገዱን ግን በጉበት በኩል አሳለፉት።

ማየት አንድ ነገር ነው፤ ማዳን ሌላ። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። «ችግሬን በትክክል ነገረኝ፣ ስለዚህ መድኃኒቱም ይሠራል» ይላል። አይከተልም። በ2017 በቻይና 1,000 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። እንቁላል አዘውትሮ የማይወጣላቸውና ልጅ የሚፈልጉ ናቸው። መርፌው፣ ማለትም አኩፓንክቸሩ፣ ከማስመሰያው መርፌ የበለጠ ልጅ አላስገኘም። የተለመደው የእንቁላል ማስወጫ ክኒን ግን አስገኘ። በቀጣዩ ዓመት አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ 848 ሴቶች ላይ ሌላ ጥናት ወጣ፤ እነዚህ በላቦራቶሪ በሚደረግ ፅንሰት ልጅ የሚሞክሩ ናቸው። እውነተኛውን መርፌ ካገኙት 18.3 በመቶ ወለዱ፣ ማስመሰያውን ካገኙት 17.8 በመቶ። ልዩነት የለውም። ዳንግጉዊም ለብቻው ተሞክሯል፤ በ1997 ባረጡ 71 ሴቶች ላይ የሙቀት ወላፈኑን ከማስመሰያ ክኒን የበለጠ አልቀነሰም። ቻይናዊ ሐኪም «ዳንግጉዊ ለብቻው አይሰጥም እኮ» ይላችኋል፤ ልክ ነው። ግን ሱቅ ውስጥ ለብቻው ታሽጎ ይሸጣል።

ይህ ማለት ሁሉም ባዶ ነው ማለት አይደለም። ኮአርተም ውጦ ከወባ የተነሳ ሰው ሁሉ የቻይና ቅጠል ባለዕዳ ነው። ቱ ዩዩ የምትባል ሴት በአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ፍንጭ ተነስታ ነው ቡድኗን የወባ መድኃኒት ወደሆነው አርቴሚሲኒን የመራችው፤ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ግን ቅጠሉ ተፈተሸ፣ ተለካ፣ ተነጠረ። ልዩነቱ እሱ ነው።

ያልተፈተሸው ምን እንደሚያደርግም ታይቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ቅጠል ያለበት ክኒን የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ወደቀ። ከ100 በላይ ናቸው። ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ሥሮች ተምታተው፣ መርዘኛው ገብቶ ነው። ብዙዎቹ ኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው፤ ኋላ ላይ በሽንት ቧንቧ ካንሰር የተያዙም አሉ። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ ለእኔ ዋስትና አይሆነኝም። ያ ጣፋጭ ሊኮሪስ ራሱ ሲበዛ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። ዳንግጉዊ ደም ማቅጠኛ ከሚወስድ ሰው ጋር አይስማማም። ነፍሰ ጡር፣ ወይም የግፊትና የልብ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ሐኪሟ ሳያውቅ አንዱንም መንካት የለባትም።

እርግዝና ሳይኖር ሦስት ወር ፔሬድ ከቀረ፣ ካረጡ በኋላ ደም ከታየ፣ ፓድ በየሰዓቱ ከሞላ፣ ጡት ላይ እብጠት ከተዳሰሰ፣ «ጭንቀት ነው» ብሎ መቀመጥ የለም። ሆስፒታል ነው። መኖር ካስጠላ ደግሞ የዚያኑ ቀን።

ለአራስ የሚሉት ነገር ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። ቻይና ውስጥ የወለደች ሴት አንድ ወር ትቀመጣለች። ብርድ አይንካት፣ ቀዝቃዛ ውኃ አትንካ፣ ነፋስ አይግባባት፣ ትኩስ ሾርባ ትጠጣ። እናቶቻችን «ብርድ እንዳይገባሽ» እያሉ ገንፎ ሲያጎርሱ ያደረጉትን ነው። አንድ ተጨማሪ ደንብ ግን አላቸው፤ አራስ አታልቅስ። ዓይኗ ይጎዳል ይላሉ። እኔ ይሄኛውን አልቀበልም። አራስ ሴት ማልቀስ ካማራት ታልቅስ። ለቅሶው ሳምንታት ካለፈው ደግሞ ሐኪም ይያት፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት የሚታከም ነገር ነው።

የመጀመሪያው ዣንግ መዝገብ ውስጥ አንድ ሌላ ሴት አለች። መንገድ ላይ ሳለች ያደረችበትን ቤት ሌሊት ወንበዴ ዘረፈው፣ አቃጠለው። ደንግጣ ከአልጋ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ኮሽ ባለ ቁጥር ራሷን ትስታለች። ቤተሰቡ በእግር ጣት ነው የሚሄደው። ሐኪሞቹ የልብ በሽታ ነው ብለው ከዓመት በላይ ውድ መድኃኒት አጠጧት። ለውጥ የለም።

ዣንግ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሁለት ገረዶች እጆቿን ያዙ። ከፊቷ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አደረገ። «እመቤቴ፣ ይህን ይመልከቱ» ብሎ ጠረጴዛውን በእንጨት መታው። ክፉኛ ደነገጠች። «እንጨት ጠረጴዛ መታ፤ ምን ያስደነግጣል?» አላት። ቆይቶ ደግሞ መታ። ድንጋጤው ቀነሰ። ደጋገመ። ከዚያ በሩን አስመታ። ከኋላዋ ያለውን መስኮት በስውር አስጫረ። ቀስ በቀስ ሴትዮዋ ተረጋጋች። ሳቀችም። «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?» አለች። እሱም የደነገጠን ወደ ተለመደው መልስ ተብሏል፤ ሰው የለመደውን አይደነግጥበትም አላት። የዚያን ሌሊት በርና መስኮቷ እስኪነጋ እንዲንኳኳ አደረገ። ዛሬ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ፍርሃትን ጥቂት በጥቂት እያለማመዱ ሲያክሙ ከዚህ ብዙ አይርቁም።

ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነጎድጓድ ሲያጓራ እንኳ አልደነገጠችም። ባሏ ቀድሞ ዣንግን አይወደውም ነበር ይላል መዝገቡ። ከዚያ ወዲህ ግን «ዣንግ ሕክምና አያውቅም» የሚል ሰው ሲመጣ ጦር ይዞ ያባርረው ጀመር።